ቀዩ ድስት ደረሰኝ

ውድ የሺሀረግ፣

ድስቱ ደረሰኝ። በፎጣ ጠቅልለሽ በልጅሽ በሳህሉ ሻንጣ የላክሽው ቀዩ ድስት እዚህ ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ፣ ምድጃዬ ላይ ተቀምጧል፤ ይህን ስጽፍልሽም ከጎኑ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት በቪዲዮ ስንገናኝ አንቺ አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንባዬ እየቀደመኝ ከአንድ ሁለት ቃል በቀር ወሬው ሁሉ ስለ ብርድና ስለ ልጆች ሆኖ ቀረ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሳስበው በደንብ የነገርኩሽ ነገር የለም። ጉዲና "በቮይስ አትልኪላትም እንዴ?" ይለኛል። ባሌን ታውቂው የለ፣ ሁሉን ነገር በአቋራጭ ነው የሚወደው። እኔ ግን መጻፍ ይሻለኛል አልኩ። ስጽፍ አላለቅስም፤ አንቺም መሃል ላይ ገብተሽ አታቋርጪኝም።

በመጀመሪያ ሮተርዳምን ላንሳና ትንሽ እንሳቅ።

አሥራ አንድ ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ኖርን፤ እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እናንተ ሦስተኛ። መጀመሪያ ቤትሽ የጠራሽን ቀን ያቀረብሽልን ዓሣ ነበር። በሳምንቱ እኔም ስጠራችሁ ዓሣ አቀረብኩ። እኛ እስላም፣ እናንተ ክርስቲያን፤ የእናንተን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛንም እናንተ አትበሉም። ይህን ተቀምጠን ተነጋግረንበት አናውቅም። አገር ቤት ያደገ ሰው ምኑን ይነጋገርበታል? ዓሣ ግን አራጅ ስለሌለው የሁላችንም ነበር።

እነዚያ ቅዳሜዎች ትዝ ይሉሻል? ልጆቹን ይዘን ገበያ ወርደን፣ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት አስጠቅልለን፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተደርድረን እንበላ ነበር። ባልሽን ልዑልሰገድን የባሕር ወፍ ዓሣውን ከእጁ ላይ ሞጭልፋው የሄደች ቀን፣ ወፏን በአማርኛ ሲሳደብ ደቾቹ ቆመው ያዩት ነበር። ጉዲና ደግሞ የሥራ ጓደኞቹን ለማስደሰት ብሎ ያንን ጥሬ ዓሣ በጭራው አንጠልጥሎ ዋጠና እስከ ማታ ድረስ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። የልጄን የቶላኒን ልደት ልናከብር ባሕር ዳር ምግብ ቤት የሄድን ዕለትማ አይረሳኝም። ዓሣ ያዘዝን መስሎን በጥቁር ዛጎል የተሞላ ባልዲ መጣልን። ባልሽ አንዱን አንስቶ ገልብጦ አየውና "ድንጋይ ቀቅለው አመጡልን" አለ። ሁላችንም ቺፕስ በማዮኔዝ በልተን ተመለስን፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ ያ ልደት ምርጡ ነበር ይላሉ።

ከሁሉም ግን የአተር ሾርባው። ቦዩ በረዶ የሠራ ጊዜ ነው፤ ወንዶቹ ልጆቹን ሊያንሸራትቱ ሄደው እኔና አንቺ ሾርባ የሚሸጥበት ድንኳን ጋ ቆመናል። የገና ጾም ነበርና ከጠዋት ጀምሮ አፍሽ ውስጥ ምንም አልገባም። ሻጩን ምንም አልጠየቅነውም፤ አተርን ማን ይጠይቀዋል? "ሽሮ ነው በይው" ብለሽ አንዱን ኩባያ ሰጠሽኝ። ግማሽ ከደረስን በኋላ ከሥሩ ቋሊማ ወጣ። "የአንቺ ነው የእኔ?" አልኩሽ። አንቺ በማንኪያ አገላብጠሽ አገላብጠሽ አየሽውና "ይሄስ የማናችንም አይደለም" አልሽኝ። በረዶው ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን። ባሎቻችን ዛሬም አያውቁም። ጉዲና ይህን ገጽ አያነበውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ወደዚህ ልንመጣ ስንል የሸኘሽን ቀን፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞችሽም ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ድስት ወጥ፣ ሰላጣና ዳቦ ነበር። ዓሣ አልነበረም። በዓይኔ ፈለግሁ፣ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጥ ቤትም ገብቼ አየሁ። ዓሣ የለም። ቀዩን ድስት በእኔ በኩል ስታስቀምጪው የቦታ ጥበት መሰለኝ። "ብሉ እንጂ" አልሽን፤ ጉዲና ሆዱን እየዳበሰ ጠግበናል አለሽ። እኔም ዳቦ በሰላጣ እየበላሁ ፈገግ እላለሁ። ገና ሳንሄድ ረሳችን፣ ለእኛ ብላ ምንም አላዘጋጀችም አልኩ በልቤ። ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። የመለያየት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ስደውል አታነሺም፤ ለበዓል "እንኳን አደረሳችሁ" ትልኪያለሽ፣ እኔም እንደዚያው እመልሳለሁ። ሦስት ዓመት እንደዚህ ሄደ። ጥላን ሄደች ብለሽ ያኮረፍሽ መስሎኝ ነበር። ለዚያ ደግሞ መድኃኒት አልነበረኝም፣ ሄጃለሁና። ጉዲና ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳ፣ እኔም በሺፍት ስሠራ ቀኑ ይመሻል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ዓሣ ስገዛ አንቺን የማላስብበት ቀን አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ሳህሉ ደወለልኝ። ለማስተርስ መምጣቱን፣ ክሬጊበርን ከተማሪዎች ጋር ቤት መከራየቱን፣ እናቱ ለእኔ የሰጠችው ዕቃ እንዳለ ነገረኝ። ልጄ፣ የጫማውን ክር ያሰርኩለት ልጅ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ሆኗል! እኔ መቼስ ሌላ ምን አውቃለሁ፣ ከቬትናሞቹ ሱቅ ገዝቼ ዓሣ ጠብሼ ጠበቅሁት። ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ "እማዬ እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ዓሣ ገዝታ አታውቅም" አለኝ።

ከበላን በኋላ ድስቱን አወጣው። ደነገጥኩ። የኔ ድስት አልነበረም፤ ጨርሶ አላወቅሁትም። ከቤቷ ልታጠፋኝ ዕቃዬን ስትመልስ የሌላ ሰው ዕቃ ተሳስታ የላከችልኝ መስሎኝ "ይሄ የኔ አይደለም፣ ሳህሉ" አልኩት።

"እማዬ 'የፈጡማ ነው፣ እኔ ቤት ምን ይሠራል' ብላኛለች" አለ። "የተሸኛችሁ ቀን የሠራችበት ነው። ሥጋውን እኮ አባዬ ቱርኩ ሥጋ ሻጭ ጋ ሄዶ ነው የገዛው። ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ማማሰያውም አዲስ ነበር። እትዬ ፈጡማ፣ አላወቃችሁም ነበር?"

ቶላኒ በእንግሊዝኛ "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" ስትል ሰማኋት።

የቀረውን ሳህሉ በተሰባበረች አማርኛው ጨረሰልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ዓሣ ያበላኋትን ሰው አሁንም በዓሣ አልሸኛትም ብለሽ እንደነበር። በጓደኞችሽ ፊት "ይህ የእስላም ሥጋ ነው" ብሎ መናገር እንደከበደሽ። ለእነሱ ከሌላው ድስት እያወጣሽ፣ ቀዩን እኔ ፊት ስታስቀምጪው ይገባታል ብለሽ እንደነበር። እንግዳው ሁሉ ሲወጣ ድስቱ ሙሉውን እንደነበረ፣ እናንተም የማትበሉት ስለሆነ ከታች ላሉት ሶሪያዎች እንደሰጣችሁት። "እማዬ ያን ቀን አልቅሳለች" አለኝ። "ፈጡማ እኔን አላመነችኝም፣ የማትበላውን የማቀርብላት መሰላት አለች።"

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። እናትህ ያንን ወጥ እንዴት ቀመሰችው አልኩት። "አልቀመሰችውም" አለኝ። ሶሪያዊቷን ጎረቤት ጠርተሽ፣ በማንኪያ አውጥተሽ፣ በዚያችው በደችሽ "ጨው?" ብለሽ ጠየቅሻት። እሷም ይበቃል አለችሽ።

የሺ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው አብልቶኛል። ራሱ የማይቀምሰውን ወጥ ግን ማንም ሠርቶልኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ፊቴ አስቀምጠሽልኝ ዓሣ ፍለጋ ወጥ ቤትሽ ገባሁ።

ማዘን ነበረብኝ፤ አዝኛለሁም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማዘን ይልቅ ቀለለኝ። ሳህሉን ባቡር ጣቢያ አድርሼው ስመለስ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠላችኝ ይመስለኝ የነበረችው ሴት ለካ ድስቴን ሌላ ሥጋ ሳታስገባበት አስቀምጣልኛለች። ሰው የጠላውን ሰው ድስት እንዲህ አይጠብቅም።

ቅዳሜ በቪዲዮው ድስቱን አንስቼ ሳሳይሽ "ምነው ባዶ ድስት ታሳዪኛለሽ?" አልሽኝ። አላወቅሁም ነበር ስልሽ ደግሞ "እኔም አልነገርኩሽም" አልሽ። ያቺ ትበቃኛለች። ሌላ ይቅርታ አልፈልግም፤ አንቺም ከእኔ አትጠብቂ። ሁለታችንም ጨዋ ልንሆን ስንል የተጎዳን ሰዎች ነን። እኔ ምን ሥጋ ነው ብዬ ብጠይቅ የምሰድብሽ መሰለኝ፤ አንቺም ብትናገሪ ወጡ ውለታ የሚመስል መሰለሽ።

ለሐምሌ የልጆች ዕረፍት ቲኬት ቡክ አድርጌያለሁ። ጉዲና ሥራ አይለቁትም፤ እኔና ቶላኒ ግን እንመጣለን። ድስቱን በእጄ ይዤው እመጣለሁ፣ ለሻንጣ አላምነውም። ባዶውን እንደማልመልስልሽ ታውቂያለሽ፤ ምን እንደምከትበት ገና አልወሰንኩም።

ቅዳሜውን ገበያ ወርደን ዓሣችንን እንበላለን፤ ልዑልሰገድም ወፎቹን ይጠብቅ። እሑድ ግን አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። ከቱርኩ ሥጋ እንግዛና ያንን ወጥ በዚሁ ድስት ደግመሽ ሥሪልኝ። ሶሪያዊቷን አትጥሪ።

ጨዉን እኔ እቀምስልሻለሁ።

የሁለተኛ ፎቋ እህትሽ
ፈጡማ
ሴንት አልባንስ፣ ሜልበርን