ሸርጣኑ እንዳይነካ ስላዘዙን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የደሴታችን የባሕር ሀብት ኃላፊ፤

በቅድሚያ የክቡርነትዎን ጤና፣ በተለይም የጣቶችዎን ደህንነት እየጠየቅሁ፣ ከቀርቀና ደሴት የዓሣ አጥማጁ የሐምዳ ልጅ ሙፊዳ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ያለነው ማለቴ ነው።

አንደኛ፦ ከሰባት ዓመት በፊት ያ ባዕድ ሰማያዊ ሸርጣን በወጥመዳችን በተገኘ ጊዜ፣ አባቴ በባልዲ ይዞት ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ነበር። ጉዳዩ በኮሚቴ እስኪጠና ድረስ ማንም እንዳይነካው በጽሑፍ ስላዘዙልን ከልብ እናመሰግናለን። ደብዳቤው ማኅተም ነበረው፤ ሸርጣኑም ማኅተሙን አክብሮ ተራባ።

ሁለተኛ፦ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብል ግፍ ይሆንብኛል። በእኛ ዘንድ እንቁላል የያዘ ፍጥረት አይገደልም፤ ወደ ባሕር ይመለሳል። አባቴም እንቁላል የያዙትን ሸርጣኖች አንድ በአንድ «ቢስሚላህ» እያለ በእጁ ሲለቅቅ ከረመ። እርስዎም በስብሰባ ላይ አርአያ ነው ብለው አስጨበጨቡለት። አንዷ ቆንጥጣው፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ጣቱ የተቆረጠው ከዚያው እጁ ነው።

ሦስተኛ፦ አያቶቻችን ባሕሩ ውስጥ የተከሉት፣ እኛም በየዓመቱ በአዲስ የዘንባባ ዝንጣፊ የምናድሰው አጥር ዓሣውን እየመራ ወጥመድ ያስገባልን ነበር። ዛሬም ይመራል፤ ብቻ ሸርጣኑ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቀዋል። ለእኛ የሚተርፈን ራስና አጥንት ነው። ባለፈው መስከረም ታናሽ ወንድሜ ማህሬዝ ዘንባባ አልተክልም አለ። «አባዬ፣ አንተ ለሸርጣን ቤት ሠራህለት፤ እኔ ደግሞ የራሴን ልፈልግ» አለው። ማህሬዝም ከአሥራ ስምንት ሰዎች ጋር በስደት ጀልባ ባሕር ማዶ ወዳለችው ላምፔዱዛ ተነሣ። ጀልባዋ ከእኛ ዳርቻ ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። ሌሎቹን ሁሉ፣ በሕይወትም በሬሳም፣ አወጧቸው። እሱ አልተገኘም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ለጊዜው ልተወው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴውም ጥናቱን የሚጨርስበት ሌላ ሰባት ዓመት እየተመኘሁ፣ በማኅተምዎ ጥላ ሥር የምኖር ታዛዥዎ፣

ሙፊዳ ሐምዳ

ያልጨረስኩት ነገር፦ ለደሴቲቱ ሴቶች ካዘጋጁት የሸርጣን አበሳሰል ሥልጠና ለምን እንደቀረሁ በደብዳቤ ጠይቀውኛል። ሙያ አንሶኝ አይደለም። ወንድሜ እስካሁን ከባሕሩ አልወጣም፤ ሸርጣኑ ምን ሲበላ እንደከረመ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ይብሉ።