አንዲት ዐረፍተ ነገር አልሰርዝም ያሉት የመምህርት ድንቅነሽ እንዳለው የሕይወት ታሪክ

መምህርት ድንቅነሽ እንዳለው ከአባታቸው ከአቶ እንዳለው ገሠሠ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰበች ምትኩ ግንቦት 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ኮኪት ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከበለሳ ወደ ቆላ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው፣ ማሽላና ሰሊጥ የዘሩ ገበሬዎች ነበሩ። እንዲህ ባለ ጽሑፍ እዚህ ቦታ ሲደረስ «በእንክብካቤ አደጉ» ማለት የተለመደ ነው። መምህርት ድንቅነሽ በእንክብካቤ አላደጉም፤ ከወባ ጋር እየታገሉ ነው ያደጉት። ሁለት ታናናሾቻቸው በአንድ ክረምት ሞተዋል። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ቄስ እንኳ ተሻግሮ አልደረሰላቸውም፤ አባትየው ራሳቸው ቆፍረው፣ ራሳቸው ጸልየው ቀበሯቸው። መምህርት ድንቅነሽ ይህን ሲያነሱ አያለቅሱም ነበር፤ ይቆጡ ነበር። ቁጣቸውን ለቤተሰቡ አውርሰው ሄደዋልና፣ ይህ ጽሑፍ ቢቆጣ ለቀስተኛው ይቅር ይበለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጓንግ ማዶ ጸሐፍት ማኅበር የአበባ ጉንጉን ይዞ ድንኳናችን ድረስ መጥቷል። ከአበባው ጋር አንድ ልመናም መጥቷል፦ «የዚያን ልጅ ነገር ዝለሉት፤ ለሟችም ዕረፍት ነው።» አበባውን ተቀብለናል።

መምህርት ድንቅነሽ ትምህርታቸውን ሸሕዲ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ጀመሩ። ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ጨርሰው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1978 ዓ.ም. ገለጉ ተመደቡ። ተመደቡ ማለት ለአፍ ይቀላል፤ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ፣ ግማሹን በእግራቸው ነው የገቡት። እንደገቡ በመጀመሪያው ሳምንት «ስለ አባታችሁ ጻፉ» ቢሉ፣ ክፍሉ በሙሉ «አባቴ ደግ ነው» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን መልሰው በተኑና «ደግነቱን ለንስሐ አባቱ ተዉለት፤ እናንተ ሲናደድ ምን እንደሚወረውር ጻፉልኝ» አሉ። በሁለተኛው ዙር በርጩማ፣ ዱላ፣ ማጭድ፣ አንዴም ዶሮ መጣ። ዶሮ የወረወሩት አባት አቤት ሊሉ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ፤ ልጃቸው የጻፈው ሲነበብላቸው ግን ሣቅ አሸንፏቸው ተመለሱ። መምህርት ድንቅነሽ «እውነት የሚያስቀይመው ባለቤቱ ቁጭ ብሎ እስኪሰማው ድረስ ነው» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላ እንደታየው፣ በዚህ ተሳስተዋል።

በ1984 ዓ.ም. የትራክተር መካኒኩን አቶ ለይኩን አድማሱን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው ሸሕዲ ተዛወሩ፤ ልጆቻቸውን ያብስራንና መቅዲንም እዚሁ ወለዱ። አቶ ለይኩን ራሳቸው እንደሚናገሩት በፈቃዳቸው አንብበው የሚያውቁት የሞተር ዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ብቻ ነው። ያም ሆኖ በሸሕዲ ምድር ጋራዡን ለግጥም የለቀቀ መካኒክ ከእሳቸው በቀር አይታወቅም።

ጋራዡ የተለቀቀው በ2006 ዓ.ም.፣ መምህርት ድንቅነሽ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጋር የጓንግ ማዶ ጸሐፍት ማኅበርን ሲመሠርቱ ነው። በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባላት ባረጀ የትራክተር ጎማ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ሰብሳቢዋ ለጀማሪ መጀመሪያ የሚሰጡት ሥራ ግጥም አልነበረም፤ የሕይወት ታሪክ ነበር፤ ለቀብር የሚነበበው፣ ይሄው ዛሬ በእጃችሁ ያለው ዓይነት። «ይህ አገር ሙሉ ጽሑፍ ቆሞ የሚሰማው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ ከዋሸን የት ልንናገር ነው?» ይሉ ነበር። «ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ብሎ የመጣ አባል «ይሄን ለእኔም ለገዳዬም መጻፍ ትችላለህ» ተብሎ ይመለስ ነበር። የከተማው ሰው መጀመሪያ ፈራ፤ ኋላ ወደደው። አንዲት የመተማ ነጋዴ አርፈው «ከሱዳን ነጋዴ ጋር በዐረብኛ፣ ከቀራጭ ጋር በአማርኛ ይሰዳደቡ ነበር፤ ከእግዜር ጋር ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር» ተብሎ ሲነበብ፣ ልጃቸው ከለቅሶው መሐል «እሷ ናት! እናቴ ናት!» ብላ ጮኸች። ማኅበሩ ከዚያ የበለጠ ጭብጨባ አግኝቶ አያውቅም።

ከዚያ የመምህርት ድንቅነሽ ዐይን ሳሉጉ ላይ አረፈ። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን፤ ስሙን መጠየቅ ሳያስፈልገን እንድንጠራው ይመቻል። ወባ ወይም እባብ ሲጥለው የሚቀብሩት አብረውት ያጨዱት ናቸው፤ የሕይወት ታሪክ የሚባል የለም። መምህርት ድንቅነሽ ማኅበሩን ይዘው ካምፕ ለካምፕ እየዞሩ፣ የሞተውን ከጓደኞቹ እየጠየቁ፣ ለሳሉጉ የሕይወት ታሪክ ማስጻፍ ጀመሩ። እንደ ሹም፣ እንደ ባለሀብት በአክብሮት ይጻፍ አሉ። አባላቱ ሣቁ። «ቲቸር፣ ጢም ያላበቀለውን ልጅ አቶ ልንለው ነው?» መምህርት ድንቅነሽ መለሱ፦ «የእርሻው ወኪል በሬ እያለ ሲጠራው ነው የኖረው። አንድ ቀን አንቱ ቢባል ቆላው አይናድም።»

እንግዲህ «ዝለሉት» ወደተባልነው ደረስን።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሰማኸኝ ዋለ የሚባሉ የደጋ ዳሞት ወጣት ከኮኪት ወጣ ብሎ በሚገኝ የአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ሲያጭዱ ወባ ጣላቸው። አብሯቸው ያጭድ የነበረ ኢሳ የሚባል የወሎ ልጅ ለማኅበሩ እንዲህ ብሎ ተናገረ፦ «እትዬ፣ ወላሂ እሱ ካልዘፈነ እጃችን ለማጭድ አይነሳም ነበር። የዚያን ቀን ዝም ሲል ነው መታመሙን ያወቅነው። ሰሊጥ የምትጭነው መኪና እዚያው ቆማለች። ውሰዱት ብለን ወኪሉን ለመንነው። 'ሰሊጡ ይረግፋል፣ ስትሞላ ትሄዳለች፣ ያኔ ከላይ ይጫናል' አለን።» መኪናዋ ሞላች። ሰማኸኝም ከላይ ተጫኑ። ሸሕዲ የደረሰው ሬሳቸው ነው።

የማኅበሩ ሰው ይህን ሰምቶ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፈ፤ እዚሁ ደብር፣ እዚሁ ግቢ በድምፅ ማጉያ መነበብ ተጀመረ። አንባቢዋ መምህርት ድንቅነሽ ነበሩ። ባለሀብቱ ጥላ ይዘው ከፊት ቆመዋል፤ የመግነዙን ጨርቅ የገዙት እሳቸው ናቸውና ምስጋና ይጠብቃሉ። ልደቱ ተነበበ፣ ዘፈኑ ተነበበ፣ ከዚያ ይህች ዐረፍተ ነገር መጣች፦

«አቶ ሰማኸኝ በትኩሳት ሲነድዱ መኪና አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ የምትጠብቀው ግን እሳቸውን ሳይሆን ሰሊጡን ነበር።»

አንድ ሹም ድምፅ ማጉያውን ከእጃቸው ነጠቁ። «መምህርት፣ ለቅሶ እንጂ ስብሰባ አልተጠራም! ይበቃል!» አፈሩ በችኮላ ተመለሰ። የቀረው ሳይነበብ ቀረ።

በወሩ የሰማኸኝ እናት ወይዘሮ ታንጉ፣ ከጎረቤት ስልክ ተውሰው ደወሉ። ስለ ደመወዙ አልጠየቁም፤ ስለ ልብሱም አልጠየቁም። «ልጄን ምን ብላችሁ ሸኛችሁት?» ነው ያሉት። መምህርት ድንቅነሽ «እናቴ፣ ገና አላለቀም፤ እያነበብን ነው» አሉ። ይህ ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አንገታቸው ላይ ታስሮ ኖሯል።

ማኅበሩ በሳምንቱ ተሰበሰበ ብንል ደስ ባለን፤ የተሰበሰበው ከላይ ቃል ሲመጣለት ነው። ዐረፍተ ነገሯ ተሰርዛ ለባለሀብቱ ይቅርታ ከተጻፈ አዳራሽ ይሰጣችኋል፣ ማኅተምም ይሰጣችኋል ተባለ። አቶ ደረበ መንገሻ ተነሡ። አቶ ደረበ የመምህርት ድንቅነሽ የቀድሞ ተማሪ፣ ገጣሚ፣ የዛሬው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። «ቲቸር፣ አንድ መስመር ናት። አንድ መስመር ሰርዘን ማኅበሩን እናድን» አሉ።

«መስመሯን የጻፋት ማን ነው?» አሏቸው መምህርት ድንቅነሽ።

የጻፏት ራሳቸው አቶ ደረበ ነበሩ።

«ደረበ፣ እስካሁን ከጻፍካቸው ሁሉ ያልዋሸህባት ይህች ብቻ ናት። ለአዳራሽ ትሰጣታለህ?»

ሰጧት። እጅ ይውጣ ሲባል ከመምህርት ድንቅነሽ በቀር የሁሉም እጅ ወጣ፤ ዶሮ የወረወሩት የገለጉው አባት ልጅ እጅ ሳይቀር። ይቅርታው ተጻፈ፣ አዳራሹ ተሰጠ፣ መሥራቿ ከሰብሳቢነት ተነሡ። በዚያው ዓመት በባለሀብቱ ድጋፍ «የነጭ ወርቅ ምሽት» የተባለ የኪነ ጥበብ ዝግጅት ተደረገ። ገጣሚዎቻችን የእርሻው ስም ደረታቸው ላይ የተጻፈበት ካናቴራ ለብሰው፣ ሰሊጥ ነጭ ወርቅ ነው የሚል ግጥም እየተቀባበሉ አነበቡ። አቶ ደረበ ሰሊጥን በሙሽራ መሰሉ። ሙሽራዪቱን ያጨዳት ማን እንደሆነ ግጥሙ አልጠየቀም። አዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ ነበረው፤ እውነት ነው፣ ይህን ማስተባበል አይቻልም።

መምህርት ድንቅነሽ ወደ ጋራዡ ተመለሱ። አቶ ለይኩን ጎማዎቹን እንደገና ደረደሩ። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው ተሰብሳቢ መኪና የሚጠብቅ ሳሉግ፣ ከሆስፒታል ተረኛነት የወጣች ነርስ፣ ጥበቃና ጫኝ ሆነ። መጻፍ የማይችለው በቃሉ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፍለታል። ኢሳም በየዓመቱ ለአጨዳ ሲወርድ አንድ ቅዳሜ አያልፈውም ነበር። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ የሰማኸኝን ለምን እዚህ አንጨርሰውም?» ቢላቸው፣ «የጻፈው ማኅበሩ ነው፣ የሰረዘውም ማኅበሩ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተደብቀን ከጨረስንለት ቀማኞቹን ነው የምናሳርፋቸው። መቃብሩ ላይ ይጨርሱት» ብለው መለሱለት።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። ጎንደር ይመላለሱ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮው ያልፋል፣ ሲከፈት ሕመሙ ብሶ ይሄዳሉ። ባለፈው ኅዳር አቶ ደረበ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። ማኅበሩ የክብር ፕሬዚዳንት አድርጎ እንደመረጣቸው፣ የምስክር ወረቀቱም በመስታወት እንደተዘጋጀ አበሠሩ። ታማሚዋ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው «ደረበ ልጄ፣ የዚያን ልጅ ታሪክ መቃብሩ ላይ ቆመህ ጨርሰው። መስታወቱን ከዚያ ወዲያ ብትሰብረውም ግድ የለኝ» አሉ። አቶ ደረበ «እናስብበታለን ቲቸር» ብለው ወጡ።

እነሱ ሲያስቡበት፣ እሳቸው ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ።

መምህርት ድንቅነሽ የአቶ ለይኩን አድማሱ ባለቤት፣ የያብስራና የመቅዲ እናት፣ የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ወይዘሮ ታንጉም ደጋ ዳሞት ውስጥ በሕይወት አሉ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ «ገና አላለቀም» እየተባሉ ነው። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ከኮኪት፣ ከገለጉ፣ ከመተማ በሙቀት መጥታችሁ ለቆማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር በእናንተ ቤት ለቅሶን ያርቅ። የመምህራችንንም ነፍስ ይቅርታ ጻፉ በማይባልበት፣ ለእውነት አዳራሽ በማይከራይበት በቅዱሳን ማኅበር ያሳርፍልን። አሜን።

ቀብሩ ከመፈጸሙ በፊት አንድ የቀረ ንባብ አለ። የአቶ ሰማኸኝ ዋለ መቃብር ከዚሁ ግቢ በስተምሥራቅ፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ ነው። የሕይወት ታሪካቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ቃል ሳይጎድል፣ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። ጸሐፊው አቶ ደረበ መንገሻ ከሕዝቡ መሐል ወደ ፊት እንዲወጡና እንዲያነቡልን በሟች ስም እንለምናለን። እንጠብቃቸዋለን፤ ዛሬ የሚረግፍ ሰሊጥ የለብንም። እሳቸው ካልቻሉ ግን ሌላ አንባቢ አንፈልግም፤ ሁላችንም በእጃችን ይዘነዋል።