ስቶፕን ያስተማርኩበት ሳምንት

ሰኞ
አልገባቸውም። «ስቶፕ ማለት ማቆም» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ስድስተኛ «ለ» ክፍለ ጊዜውን ሙሉ በዜማ ደገመው። ከደወሉ በኋላ ተማሪዬ ታደሰ ዴስክ ላይ ሲዘል አየሁትና «ስቶፕ!» አልኩት። «ማቆም» ብሎ መለሰልኝ፣ እየዘለለ።

ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ዓርብ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ካልተደሰተ እንግሊዝኛው ለሌላ መምህር ይሰጣል፣ እኔ ወደ እጅ ሥራ። አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው? የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ቀጥ አድርጌ አልተክልም።

ማክሰኞ
ፊቴን ስታጠብ መላው መጣልኝ። ጎረቤቴን ጋሼ ገመቹን፣ ጋሪ ነጂውን፣ በእኔ ክፍለ ጊዜ በትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ እንዲመላለሱልኝ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ዳማ ኦሮምኛ እንጂ እንግሊዝኛ አያውቅም» አሉ። ፈረሳቸው ነው ዳማ። በኋላ «ቶሌ» ብለው ተስማሙ።

ልጆቹ አጥሩ ላይ ተደረደሩ። «ስቶፕ!» ሲሉ ጋሼ ገመቹ ልጓሙን ይስባሉ። ታደሰ ስድስት ጊዜ አስቆማቸው። ከእንግዲህ ማቆም የሚለኝ የለም።

ረቡዕ
ዛሬ ሥራን ማቋረጥ። ስቶፕ ሲንጊንግ፣ ስቶፕ ራኒንግ። ክፍሉ ይዘፍናል፣ አንዱ ያስቆማል። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቀው ዘይነባ ተነስታ አርባ ልጅ ጸጥ አሰኘች። ደስ ስላላት እንደገና አስዘፍና እንደገና አስቆመቻቸው።

ስጋት፦ ዳይሬክተሩ በመስኮት አይተውናል። ማስታወሻ ጽፈው ሄዱ። የባሰው እሱ ነው።

ሐሙስ
ዝናብ፣ ጭቃ። ጋሼ ገመቹ ዳማ ልጓም ሳይሳብ «ስቶፕ» ሲባል ብቻ መቆም ጀምሯል ብለው ነገሩኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ገበያ መሃል አንዱ ቢጮህብኝስ ይላሉ።

ዓርብ
ሱፐርቫይዘሩ ከመሃል ከተማ የመጡት በጋሪ ነው። በማን ጋሪ? ልጆቹ አጥሩ ላይ ሆነው ዳማን ሲያዩ ባንድ አፍ «ስቶፕ!» አሉ። ዳማ ተተከለ። የሰውየው ባርኔጣ ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ንዳ ቢባሉ ጋሼ ገመቹ፣ «ጌታዬ፣ ትእዛዙ ከኔ አይደለም፣ ከተማሪዎቹ ነው» አሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሱፐርቫይዘሩ ወርደው በእንግሊዝኛ ፈረሱን ማን አቆመው ብለው ጠየቁ። ከዚያ ዘይነባ እጅዋን አወጣች፦ «ዊ ስቶፕድ ዘ ሆርስ፣ ሰር።»

ባርኔጣቸውን እያራገፉ ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቁ ነበር።

ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ብዙ ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ አላሳዩኝም። ሲወጡ ግን ለዳይሬክተሩ «ለእጅ ሥራው ሌላ መምህር ፈልጉለት» አሏቸው። በጆሮዬ ሰማሁ።

ዳማ ግን በር ላይ እንደተተከለ ነው። ጋሼ ገመቹ ቢለምኑት፣ ታደሰ ቢገፋው፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ዘይነባ ጆሮው ስር በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው፣ ሄደ።

ምን እንዳለችው ልትነግረኝ አልፈለገችም።