ሳትቀመጡበት ስለጣላችሁት ወንበር

ለተከበራችሁ የኮሌጁ የመመረቂያ ፕሮጀክት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት
ወልድያ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ጤናችሁን፣ ከጤናም ለይቼ የወገባችሁን ጤና እመኝላችኋለሁ፤ ሰባታችሁም ረጅም ዘመን ተቀምጣችሁ እንድትሠሩ፣ ስትነሡም ያለ ሰው እርዳታ እንድትነሡ አላህ ይርዳችሁ። እኔ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛውን በሁለት እጄ መጨበጥ ነበረብኝ። ከመጋቢት ወር ወዲህ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም ሳልጨብጥ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሜ ኢዘዲን ሙስዐብ ነው፤ ነዋሪነቴ መርሳ። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰብል ናሙና ስሰበስብና ስደምር ከኖርሁ በኋላ የወገቤ ዲስክ ስለተንሸራተተ ሥራዬን ለቅቄ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ የግብርና መመሪያዎችን እየተረጎምሁ አድራለሁ፤ በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ከአንድ ጠረጴዛ ፊት አልጠፋም። እናንተም በመዝገባችሁ ታውቁኛላችሁ። ሀስና፣ ዊንታ፣ አቤልና ዓሪፍ የተባሉት አራት ተማሪዎቻችሁ በቤታቸው ለሚሠሩ ሰዎች ወገብ የማይጎዳ ወንበር እንሠራለን ብለው ሲነሡ ከለኳቸው አሥራ አንድ ሰዎች መካከል ተራ ቁጥር አራት ላይ የሰፈርሁት እኔ ነኝ።

ግንቦት 28 ቀን በጻፋችሁት ደብዳቤ፣ ተማሪዎቹ የሠሩት ወንበር ኅዳር ላይ ካጸደቃችሁት ንድፍ የተለየ ስለሆነ፣ እስከ ሰኔ 20 ቆርጠውና ለውጠው ወደ ጸደቀው ንድፍ ካልመለሱት እንደማይመረቁ አስታውቃችኋል። ወንበሩ ያለው እኔ ቤት ነው። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል ብዬ ደፍሬአለሁ። ከደብዳቤያችሁ ነገርን በቁጥር መደርደር እንደምትወዱ ስለተረዳሁ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ኅዳር ላይ ያጸደቃችሁት ንድፍ ስሕተት ነበር። ለዚህ ተጠያቂው ከተማሪዎቹ ይልቅ እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ልጆቹ በጥቅምት ወር ሜትርና ቅጻቸውን ይዘው የመጡት ከሁለት ቀን በፊት ደውለው፣ እንደ ጨዋ ልጅ አስፈቅደው ነው። እኔም እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሸሚዜን ቀይሬ፣ ጫማዬን አጥልቄ፣ ሁለት እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዬን አቅንቼ ተቀመጥሁ። ከጉልበቴ እስከ ወለሉ፣ ከወገቤ እስከ ትከሻዬ ለኩኝ። ዓሪፍ በቀን ስንት ሰዓት እንደዚህ እንደምቀመጥ ሲጠይቀኝ «ቀኑን ሙሉ» አልሁት። ውሸቴን ነበር። በእንግዳ ፊት ካልሆነ በቀር እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም። የቀሩት አሥሩ ሰዎችም እንዲሁ አድርገው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ስለዚህ በዚያ ቅጽ ላይ በሚሊ ሜትር የሰፈረው ሁሉ የአሥራ አንድ ሰው ይሉኝታ ልኬት ነው፤ ማኅተም ያደረጋችሁበትም እርሱ ነው።

በንድፉ መሠረት የተሠራው የመጀመሪያው ወንበር ጥር ላይ ቤቴ ገባ። ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ የክንድ መደገፊያ አለው፤ ስፖንጁ በሌዘር ተለብጧል፤ እግሩ ጎማ ነው። የእኛ ቤት ሊሾ ደግሞ የታጠበበት ውኃ እንዲወጣ ተብሎ ወደ በሩ አዘንብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ተርጉሜ ሳልጨርስ ከጠረጴዛዬ ክንድ ተኩል ያህል ርቄ ራሴን አገኘው ነበር። ልጆቹ ሲጠይቁኝ ግን «በጣም ጥሩ ነው፤ እጃችሁ ይባረክ» አልኋቸው። እነርሱ እንደወጡ ወንበሩን ግድግዳ ጥግ አስጠግቼ፣ ንጹሕ ጨርቅ አልብሼ፣ ለእንግዳ አስቀመጥሁት። እኔ ወደ አሮጌው ወንበሬና ወደ ሕመሜ ተመለስሁ።

ነገሩ የተገለጠው ሀስና የረሳችውን ሜትር ልትወስድ ሳትደውል የመጣች ቀን ነው። በሩ ክፍት ነበር። ግራ እግሬን አጥፌ ሥሬ አድርጌ፣ ጫማዬ ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ፣ እየሠራሁ ነው። እርሷ ቀድማ ያየችው ጨርቅ የለበሰውን ወንበራቸውን ነው። እኔ አፍሬ እግሬን ላወርድ ስል ግን «አንቱ ጋሼ፣ እንዳይነቃነቁ» አለችኝና ሜትሯን ከመስኮቱ ላይ አንሥታ ሥራ ጀመረች። ጉልበቴን ስትለካ «ለኛ ብለው ነው እንዴ እግርዎን ሲያወርዱ የከረሙት?» ብላ ሳቀች። አምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በልጅ ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አራቱም የአሥራ አንዱን ሰው ቤት ሳይደውሉ ዞሩ። የተማሪዎቻችሁን የመመረቂያ ጽሑፍ በቤቷ የምትተይበው ጎረቤቴ ነሲባ ትራስ ደርባ፣ እግሯን አጥፋ አገኟት፤ «ደውላችሁ ብትመጡ እኮ ደኅና ሰው ሆኜ እጠብቃችሁ ነበር» አለቻቸው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አንድ እግራቸውን አጥፈው የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። ልጆቹ ንድፋቸውን ተዉት። መቀመጫውን በአሥራ አራት ሳንቲ ሜትር አሰፉት፤ ጎማውን አወጡ፤ ስፖንጁን ጥለው በቆዳ ጠፍር ተኩት፤ የግራውን የክንድ መደገፊያ አነሡ፤ ከወገብ ላይ የሚላላና የሚጠብቅ መደገፊያ አደረጉለት። አራት ጊዜ ፈትተው አራት ጊዜ ገጠሙት፤ በየጊዜውም እያስቀመጡኝ፣ በተለይ ደግሞ መቀመጤን እስክረሳ ድረስ እየጠበቁ፣ መዘገቡ።

ይህን ነው እናንተ «ከጸደቀው ንድፍ ማፈንገጥ» ያላችሁት። ሳይደውሉ መሄዳቸውንም «ከመርሐ ግብር ውጭ የተደረገ መረጃ አሰባሰብ» ብላችሁታል። ልጅ ስሕተቱን ማየቱ እንደሚያስቀጣው በጊዜ ስላስተማራችሁልን፣ በልጅ አሳዳጊዎች ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት አገልግሎቴ ትክክለኛ ያልሆነ አኃዝ አይቻለሁ፤ አኃዙ ትክክል እንዳልሆነ ከታወቀ በኋላ ይመለስ ተብሎ የቀን ገደብ ሲቆረጥለት ግን አሁን ነው ያየሁት።

2. የመቀመጫውን ጠፍር «ኋላ ቀር ግብዓት» ብላችሁታል። መርሳ ሞቃት አገር ናት፤ በሚያዝያ ቀትር ሌዘር ላይ ተቀምጦ የሠራ ሰው ሲነሣ ሱሪው ከወንበሩ ጋር ይቀራል። ልጆቹ ይህን አስበው ግራና ከተማ ድረስ ሄደው የጠፍር አልጋ ከሚሠሩት ከአቶ ተፈራ ዘንድ ሦስት ቀን ተቀመጡ። አቤል ብርቱ ነውና ጠፍሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ሲወጥረው አቶ ተፈራ «ተው አንተ ልጅ፣ እርጥቡን ነው የያዝኸው፤ ሲደርቅ ራሱ ይወጥራል፤ አሁን ወጥረህ ከጨረስኸው እንጨቱን ይሰብርብሃል» አሉት። ልጆቹ ይህን ቃል በቃል ሪፖርታቸው ውስጥ አስገቡት። እናንተም «ምንጩ ያልታወቀ» ብላችሁ በቀይ አሰመራችሁበት። ምንጩ ግራና፣ ከገበያው በስተጀርባ ነው፤ ከፈለጋችሁ አደርሳችኋለሁ።

3. በግምገማው ቀን ማንም አልተቀመጠበትም።

ይህን በወሬ አልሰማሁም። እንደ ተጠቃሚ እመሰክራለሁ ብዬ ከመርሳ በማለዳ መጥቼ፣ ኮሪደሩ ላይ መቀመጫ ስለሌለ፣ በተከፈተው በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ አስወጥታችሁ ዞራችሁ አያችሁት። አንዳችሁ እንጨቱን በጣት አንኳኳ። ሌላችሁ ለምን ቀለም እንዳልተቀባ ጠየቀ። ዊንታ «ቢቀመጡበት ይሻል ነበር» ስትል የተከበሩት ሰብሳቢ «እኛ የመጣነው ልንገመግም እንጂ ልንቀመጥ አይደለም» አሏት፤ ይህንንም የተናገሩት ተቀምጠው ነው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እኔ አልተጠራሁም።

4. የግራው የክንድ መደገፊያ ስለሌለ ሥራው «ያልተጠናቀቀ» ነው ተብሏል። ተጠናቅቋል። እዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈው ጉልበቴ ነው።

5. ሰኔ 2 ቀን ስለዚሁ ጉዳይ ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጽፌ በመዝገብ ቤታችሁ አስገብቻለሁ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጄ አለ። መልስ አላገኘሁም። ሥራ በዝቶባችሁ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ያልተቀመጡበትን ወንበር መገምገም ጊዜ ይወስዳል።

ያለፈው ቅዳሜ አራቱም መጋዝ ይዘው መጡ። አቤል በሜትር ለክቶ፣ መቀመጫው የሚቆረጥበትን ቦታ በጠመኔ አሰመረ። መጋዙን አስደግፎ ትንሽ ቆየና መልሶ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ እጄ እንቢ አለኝ» አለ። ሀስና «ግዴለም፣ ቆርጠነው እንመረቅ፤ ለጋሼ ሌላ እንሠራላቸዋለን» ስትል ዊንታ «በየትኛው ጊዜ? ከተመረቅን በኋላ ማን ወርክሾፕ ያስገባናል?» አለቻት። ዓሪፍ መጋዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ተወው፤ ሳይሰናበቱኝ የወጡት ያን ቀን ብቻ ነው። የጠመኔው መስመር እስከ አሁን እንጨቱ ላይ አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከሰኔ 20 በፊት ከሰባታችሁ አንዳችሁ መርሳ መጥታችሁ ወንበሩ ላይ ሁለት ሰዓት ሥራ ሥሩበት። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወርዳችሁ የኢዘዲንን ቤት ብትጠይቁ ልጅም ያሳያችኋል። ሳትደውሉ ኑ። ከደወላችሁ ጫማዬን አጥልቄ፣ ቀጥ ብዬ እጠብቃችኋለሁ፤ እናንተም ኅዳር ላይ ካወቃችሁት የበለጠ ሳታውቁ ትመለሳላችሁ።

ካልመጣችሁ፣ ሰኔ 19 ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ወንበሩን እኔ ራሴ በጠመኔው መስመር ላይ እቆርጠዋለሁ። ልጆቹ ወራት የደከሙበትን በገዛ እጃቸው እንዲያበላሹ አላደርግም፤ በእኔ ወገብ ምክንያትም ምርቃታቸው አይቀርም። ስፖንጁንና ጎማውን እነርሱ ይገጥማሉ፤ የሚያጸድቀውን እናንተ ታጸድቃላችሁ። የተቆረጠውን እንጨት ደግሞ ቀኑን ጽፌበት ከፋይላቸው ጋር እንድታያይዙት በአደራ እልክላችኋለሁ፤ በዚህ ፕሮጀክት ውስጥ ትክክለኛ ልኬት ያለው ክፍል እርሱ ስለሆነ።

ለጸደቀ ወረቀት ያላችሁን ጽኑ ታማኝነት እያደነቅሁ፣ ለኮሚቴው ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በጥቅምት ወር ተማሪዎቻችሁን በተቀበልሁበት አኳኋን፣ ሁለት እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዬን አቅንቼ አቀርባለሁ።

ኢዘዲን ሙስዐብ
ተራ ቁጥር 4
መርሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የሰኔ 2ቱ ማመልከቻዬ ግማሽ ገጽ የሆነው የምለው ጠፍቶ አልነበረም። ያን ቀን ልጆቹ ወንበሩን ለግምገማ ወልድያ ወስደው ገና ስላልመለሱት የጻፍሁት በአሮጌው ወንበር ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ ወገቤ አልፈቀደም። ይህንን ግን በጣላችሁት ወንበር ላይ ሆኜ፣ ግራ እግሬን አጥፌ፣ ከጧት ጀምሬ አንድ ጊዜም ሳልነሣ ጽፌ ጨረስሁት። ርዝመቱ ካሰለቻችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከሰኔ 19 በኋላ የምጽፍላችሁ ካለ አጭር ይሆናል።