ጺማሙ እንዴት አደረ?

ሜይ 29፣ ረቡዕ

ዛሬም ዝናብ። ቱሪስቱ ሳይነሳ ድልድዩን ተሻግሬ ጺማሙን አየሁት... ወንዙ ዳር ግንቡ ላይ የተቀረጸውን የድንጋይ ፊት። ደረቅ ነው።

ባሌ ያሮሚር በሕይወት ሳለ በየጠዋቱ አይቶት ይመለስና ኮቱን ሳያወልቅ "ጺማሙ ደህና አድሯል" ይለኝ ነበር። ከዚያ ቁርስ። ውሃው ጺሙን ከነካ ዕቃሽን አውጪ፣ መላጣውን ከሸፈነ ነፍስሽን አውጪ ይል ነበር። አሁን የማየው እኔ ነኝ። አይቼስ ለማን ልናገር? ፎቁ ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ለቱሪስት የሚከራዩ ሆነዋል። በየቀኑ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሻንጣ። ደረጃው ላይ ሰላም ስላቸው ይደነግጣሉ።

ጁን 1፣ ቅዳሜ

ወንዙ ደፍርሷል። ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ጺሙን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ልጄ አልደወለችም። እሷ ያለችበት ኦስትራቫም ይዘንብ ይሆን?

ጁን 2፣ እሑድ

ድልድዩ ተዘጋ። የእሳት አደጋ ልጆች መጥተው ከመስኮቴ ፊት ለፊት የብረት ሳንቃ እየደረደሩ ግድግዳ አቆሙ። ወንዙ አይታየኝም። ድምፁ ብቻ ይሰማል። ቦቲዬን አድርጌ ባልዲ ይዤ በር ላይ ብቆም አንደኛው ሳቀብኝ።

"እማማ፣ ይግቡና ይተኙ። ጠብታም አያልፍም።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። ለምን?

ጁን 3፣ ሰኞ

ለምን እንደሆነማ አውቄዋለሁ። ማን ያየኛል፣ ልጻፈው። ያኔ፣ ግድግዳው ሳይኖር፣ ትልቁ ጎርፍ ቤታችንን የሞላው ጊዜ... ጎረቤቱ ሁሉ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተኛን። ውሃው ሲሸሽ ልጄ ራድካ መጥታ አብረን ጭቃ ስንዝቅ ሰነበትን። ፊቷ ጭቃ፣ ፊቴ ጭቃ። አባቷ በኛ ሲስቅ አካፋው ከእጁ ወደቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቷን ከቀበርን ወዲህ እግሯ ይህን ቤት አልረገጠም። ሥራ አለ፣ መንገዱ ሩቅ ነው... አውቃለሁ።

ለካስ ውሃውን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ያበደች አሮጊት!

ማታ ደወለች። "እማዬ፣ ጺማሙስ?" አላውቅም፣ ድልድዩ ተዘግቷል አልኳት። ቤት ውሃ ገባ ወይ አለች። "ገባ" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልገባም፣ ግድግዳ አቁመዋል አልኳት። እፎይ፣ ግድግዳው ካለልሽማ ምን አሳሰበኝ አለችና ዘጋችው።

ጁን 5፣ ረቡዕ

ግድግዳው ውሃውን ያዘ። ያ የእሳት አደጋው ልጅ እውነቱን ነው፣ ጠብታም አላለፈም። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ደስታ። ሰው ቤቱ ደረቅ ሆኖ ቀረ ብሎ ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ስልኩን አነሳሁ።

"ራድካ፣ ውሃ አልገባም። ምንም አልሆንኩም። ግን ነይ።"

ከአፌ እንደወጣ ምነው ባልደወልኩ አልኩ።

"ቦቲ ላምጣ?" አለችኝ።

"ምን ያደርግልሻል? ቤቱ ደረቅ ነው።"

"እኔ እንጃ። ላምጣው።"

ጁን 8፣ ቅዳሜ

መጣች! ቦቲዋን ይዛ።

ድልድዩ ተከፍቷል። ተሻገርን። ጺማሙ እስከ መላጣው ጭቃ ለብሷል። ራድካ ልክ እንደ አባቷ እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆማ ስታየው ቆየችና "ጺማሙ ደህና አድሯል" አለች። ሳቅን። ከዚያ ተቃቅፈን ተላቀስን። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳናል... ያንሳ።

ጁን 9፣ እሑድ

ሄደች። ቤቱ ጭር ብሏል። ማታ በር ልዘጋ ስል ቦቲዋን አየሁት፣ ከኔው አጠገብ ቆሟል። ረስታው መስሎኝ ደወልኩ። አልረሳሁትም አለችኝ። ደግሞ ነገ ሄደሽ ጺማሙን ስታዪው ንገሪኝ አለች፣ በየጠዋቱ፣ ባይዘንብም።

ጁን 11፣ ማክሰኞ

ፀሐይ። ጺሙ ላይ ያለው ጭቃ እየተላጠ ነው። ነገርኳት።