ወፍራሙ ፊደል ዘንገና ላይ

ዓርብ

ተመረቀ። ታፔላ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ሪባን ሲቆረጥለት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆሞ «ሐይቁ ጥልቅ ነው። ጠርዙን አትጠጉ» ይላል፣ ለሕፃናት መዋያ ብዬ በሣልኩት ወፍራም ፊደል። «ሐ» ሦስቱንም እግሩን ቦቲ ያጠለቀ ሕፃን ይመስላል። ፊደሉ ለብስኩት፣ ለልደት፣ ለጭማቂ ቤት እንጂ ለአደጋ አይሆንም ብዬ ነበር። ታፔላውን ያሠራኝ የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ «ቆሰበር ከተማ በሙሉ ወዶታል፤ እኛ ምን አጠፋን?» አሉኝ። ሠራሁ።

ቅዳሜ

የሐይቁ ጥበቃ አያ አለኸኝ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ጽሕፈትህ ሰው ይጠራል።»

ከዳንግላ የመጡ ሙሽሮች ከታፔላው ጋር ፎቶ ሲነሱ፣ ሚዜዎቹ ቦታ ጠቧቸው ወደ ጠርዙ ተገፋፉ። የአንዱ እግር ከዳው። አያ አለኸኝ በኮቱ ጎትተው አስቀሩት። ኮቱ ተቀደደ። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀው ፎቶው መውጣቱን ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በባጃጅ ሄድኩ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ «ሐ»ን ታስነካዋለች። ከኋላዋ ገደል ነው።

«እህቴ፣ ወደዚህ ነይ። አደገኛ ነው።»

ታፔላውን አየች፤ እኔን አየች።

«እንዲህ የሚያምር ነገር ምን አደጋ አለው?»

አያ አለኸኝ በአዊኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ብጠይቃቸው «ይቅርብህ» አሉኝ።



ሰኞ

ቢሮ። በራሴ ወጪ፣ በቀጭንና ኮስታራ ፊደል ልቀይረው ብዬ ለመንኩ።

«ርክክብ የተፈጸመበት የመንግሥት ንብረት ነው» አሉ ኃላፊው። «አንድ ፊደል ብትነካ ትጠየቃለህ።»

«ሰው ቢወድቅስ?»

«ማስጠንቀቂያ ተተክሏል እኮ።»

በዚያው ፊደል ሌሎች ታፔላዎችም ሊያሠሩኝ ነው። ቦታዎቹን ዘረዘሩልኝ፦ ትራንስፎርመሩ፣ ድንጋይ ማውጫው፣ የተሰነጠቀው ድልድይ። አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንዳመሰገንኩ አላውቅም።

ማክሰኞ

ሐይቁ ድረስ ሄጄ ለአያ አለኸኝ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ፊደሉን አትንካ ነው ያሉህ?»

«አዎ።»

«አታዛውር ብለዋል?»

አላሉም። እርሳቸው መቆፈሪያ አመጡ፤ እኔ አካፋ ያዝኩ። ነቅለን ተሸክመን ወደ መግቢያው፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሜዳው ላይ ተከልነው። ሐይቁ ከዚያ አይታይም። አፋፉን በአጋም እሾህ አጠርነው። እሾህ ምንም አልተጻፈበትም፤ ሰው ሁሉ ግን ያነበዋል።

ከሰዓት አንድ ሚኒባስ እንግዳ መጣ። ወርደው በቀጥታ ታፔላውን ከበቡት። ተቃቀፉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተራ ለመያዝ ተጣሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ሐይቁን ሳያዩ ተመልሰው መኪና ውስጥ ገቡ። በዚህ ሥራ ላይ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ ደውለዋል። አላነሣሁም። እጄ ጭቃ ነው።