ቤታችን ሆስፒታል ከሆነ ወዲህ

ለከተማው ጤና ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 11

ጉዳዩ፦ በመጪዎቹ ዐሥር ዓመታት አስተኝቶ ማከምን ወደ ቤት ለማዛወር የወጣው ዕቅድ አስታማሚንም እንዲያስብ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ቢሮዎ በዚህ ዕቅድ ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ጋብዟል። እኔ የምኖረው ዕቅዱ በሙከራ በተጀመረበት ቤት ውስጥ ስለሆነ የደረሰብኝን በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. አባቴ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሾፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታሉ ብዙም ሳያቆያቸው ወደ ቤት መለሰልን። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ሆስፒታሉ እርስዎ ዘንድ ይመጣል» ሲላቸው፣ አባቴ «በራችን ጠባብ ነው፤ በየት በኩል ይገባል?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን።

2. ገባ። አልጋው ሳሎኑን ያዘ፤ የስፌት መኪናዬ ወደ ኮሪደር ወጣች። ግድግዳው ላይ ስክሪን ተሰቀለ፤ በአባቴ ክንድ ላይም የልብ ምታቸውን ለሐኪሞቹ የሚልክ አምባር ታሰረ። እውነቱን ለመናገር መሣሪያው ጎበዝ ነው። አንድ ጊዜ የልባቸው ምት ሲዛባ እሳቸው ሳይሰማቸው እሱ ደርሶበታል፤ መድኃኒታቸውም በዚያው ቀን ተለወጠ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዕቅዱ ይቅር ለማለት አይደለም።

3. ነገር ግን መሣሪያው ሰው አያገላብጥም፤ አያጥብም፤ ማንኪያ አያጎርስም። በዕቅዱ ሰነድ ላይ «ቀሪው እንክብካቤ በቤተሰብ ይሸፈናል» የሚል አንድ መስመር አለ። ክቡር ኃላፊ፣ ያ ቤተሰብ እኔ ነኝ። እናቴ በሕይወት የለችም። ወንድሜ ሩቅ ነው፤ በየሳምንቱ እየደወለ «አይዞሽ» ይለኛል። ደንበኞቼ መጀመሪያ ታገሡኝ፤ ኋላ ልብሳቸውን በቀኑ የሚያደርስላቸው ሌላ ሰፊ አገኙ። አልፈርድባቸውም።

4. ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳዛውር ጉልበቴ ከዳኝና ሁለታችንም ወደቅን፤ እሳቸው እላዬ ላይ። አምባሩ ጮኸ፤ ከሆስፒታሉ የምትከታተለን ተረኛ ነርስም ወዲያው በስክሪኑ ብቅ አለች። ዘገየች አልልም።
«እህቴ፣ አንገታቸውን ደግፊና በጎናቸው አዙሪያቸው» አለችኝ።
«እኔንስ ማን ያዙረኝ?» አልኳት።
«ጎረቤት ጥሪ» አለች። ጮህኩ። አናጢው ጎረቤታችን መዶሻውን እንደያዘ በሩን ገፍቶ እስኪገባ ድረስ ከስክሪኑ አልሄደችም። «ይቅርታ እህቴ፣ ከዚህ ሆኜ እጄ አይደርስም» ትለኝ ነበር። እሷን አልከስም። እሷም እንደኔው ብቻዋን ነበረች።

5. አባቴ ምንም አልሆኑም። የእኔ ወገብ ግን ከዚያ ወዲህ ወገብ አልሆነልኝም። ሄጄ ልታይ ብል እሳቸውን ለማን ጥዬ? በስክሪኑ ብጠይቅም «ይህ መስመር ለተመዘገበው ታካሚ ብቻ ነው» ተባልኩ። አባቴ ይህን ሰምተው «በእኔ ስም ታከሚ፤ እኔም ወገብ አለኝ» አሉ። ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ ያመኛል።

ስለሆነም ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት፣ ታካሚን ማንሳትና ማጠብ የሚችል ሠራተኛ በስክሪን ሳይሆን በአካል ወደየቤቱ እንዲመላለስ፣ አስታማሚም በምታስታምምበት ቤት በስሟ ተመዝግባ እንድትታይ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። የሆስፒታል አልጋዎችም ጨርሰው አይነሡ። አስታማሚው ሲታመም ወይም ሲዝል ታካሚው ለጥቂት ቀናት የሚያርፍባቸው ይቅሩልን። አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ ደግሞ ሰው አይሸከምም።

ይህን ስጽፍ አባቴ «ለማን ነው?» አሉኝ። ለጤና ቢሮው መሆኑን ስነግራቸው «ለእኔ አልጋ እንዳትለምኚ፤ አልጋ ጠግቤያለሁ። ለራስሽ ጠይቂ» አሉኝ።

ለራሴ መጠየቅ አልለመድኩም፤ ያሳፍረኛልም። ይኸው ጠየቅሁ።

መልስዎን እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የታካሚው ልጅ፣ ልብስ ሰፊ